ጭጋጉ የዋጠው ፎቶ

ጎጆ፣ መስከረም 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበርከው የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ፣ ለቶኩማ ተሬፋ፤
ናይሮቢ

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ይብዛልህ። አከም ጅርታ? ፈያዳ? እኔ፣ ባለቤቴ ለንሳ፣ በጎቼና ፎቶ ቤቴ ደህና ነን። በጎቼን ከባለቤቴ ቀጥዬ የጠራኋቸው ባለፈው በስልክ አንድ በአንድ የሰደብካቸው እነሱን ስለሆነ ነው። የሰደቡትን ሰው ደህንነት መጠየቅ ባህላችን ነውና ሳትጠይቅ መለስኩልህ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ናፍቀኸኝ አይደለም። ሽማግሌዎች ሐምሌ ላይ ተቀምጠው ሁለታችን በስልክ እንዳንነጋገር ወስነዋል። የመጨረሻው ንግግራችን ፎቶ ቤቴ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስለነበረ፣ የሰርግ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮች ሰምተውን ሳይነሡ ሄደዋል፤ ሙሽራዋ እስካሁን ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ከእንግዲህ በደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው በሙሉ ሰላምታ ይከፈታል፣ በሙሉ ምርቃት ይዘጋል። ሰላምታ ወይም ምርቃት ያጓደለ አንድ በግ ይቀጣል። የሚሄደውንም የሚመጣውንም ጡረተኛው መምህር ኦቦ ሙለታ ያነቡታል። በአማርኛ ይሁን ያሉትም እሳቸው ናቸው። "በአፋን ኦሮሞ ስትሳደቡ ያምርባችኋል፣ ልጆችም እየሰሙ ይማራሉ። አማርኛው የቢሮ ስለሆነ ትንሽ እጃችሁን ይይዛል" አሉ። ፎቶ በቴሌግራም መላላክ ግን ቃል እስካልተጨመረበት ድረስ ተፈቅዷል። ፎቶ አይሳደብም ብለው ነው። እስቲ እናያለን።

ስለ ሜዳው አላነሣም። ናይሮቢ ተቀምጠህ ጎጆ ላይ ስላስተከልከው እሾህ ሽቦ አላነሣም። አያቶቻችን አብረው ያገዱበት ሜዳ መሆኑን፣ ሽቦው የኔን በጎች ብቻ ሳይሆን እናትህን አዴ ፋንቱንም ወደ ምንጭ ስትወርድ ዙሪያውን እንደሚያስኬዳት አላነሣም። አላነሣም ብዬ ለሽማግሌ ቃል ገብቻለሁ።

ጉዳዬ ሌላ ነው። በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልኬልሃለሁ። በነሐሴ መጨረሻ ማለዳ ከሽቦው ውጭ ቆሜ ያነሣሁት ነው፤ አንድ እግሬ እንኳ አልገባም። የጎጆን ጭጋግ ካልረሳኸው ታውቀዋለህ፤ አጠገብህ ያለ ሰው በሳሉ ብቻ የሚታወቅበት ነው። ከፊት አንድ እንስሳ አለ። ከእንስሳው እስከ ሰማዩ ሁሉም አመድ መስሏል። እኔ የጉርድ ፎቶ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተሬ ፊት ከማንጣትና ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ ከመዘርጋት በላይ አያውቅም። አንተ ግን ቱሪስት ያነሣውን አንበሳ ጎፈሩን የምታበጥር ባለሙያ ነህ ይባላል። እባክህ ቀለሙንና ስሜቱን አስተካክልልኝ። ጭጋጉ የዋጠውን ሁሉ አስተፋልኝ።

እጅህ አይንቀጥቀጥ። ዓይንህ የቅርቡን አይቶ የሩቁን አይለፍ። አጥርህ ይጽና፣ በሩም ይብዛ።

ቶሌራ ለሜሳ

አንብቤዋለሁ። ስድብ የለበትም። "አላነሣም" እያለ ያነሣውን አልቆጠርኩበትም። — ሙለታ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ቶሌራ ለሜሳ፤ የጉርድ ፎቶ ሊቅ፣ የሰማያዊ መጋረጃ ባለቤት፤
ጎጆ

ሰላምታዬ እንደ ጎጆ ገብስ ይዛቅ። ለባለቤትህ ለለንሳ፣ ለበጎችህም በያሉበት ሰላም ይሁን፤ "በያሉበት" ስል ከሽቦው ውጭ ማለቴ ነው። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ።

ፎቶህ ደረሰኝ። ስከፍተው ካሜራህን የገብስ ቅንጬ ውስጥ ነክረህ ያነሣህ መስሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን መልሼ እጥለው ነበር፤ ለሥጋ ዘመድ ግን ይደከማል። ምን እንዳደረግሁለት ልንገርህ፤ ከገባህ ትማርበታለህ።

መጀመሪያ ብርዱን አወጣሁለት። ጭጋግህ ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊ ያስተክዛል እንጂ አያስደንቅም። ሙቀት ስጨምርበት ማለዳው ወርቅ ሆነ። ቀጥዬ ጥላውን ወደ ታች ተጫንኩት፣ ብርሃኑን በእንስሳው ትከሻ ላይ አፈሰስኩት። ዓይኑ ውስጥ አንዲት ብልጭታ ጣልኩ፤ ብልጭታ የሌለው ዓይን የሞተ ነው። ከኋላ በግራ በኩል አንዲት ነጭ እድፍ ነበረች። ሌንሱን በነጠላ ጠርገኸው ክሩ ቀርቶበት መሆን አለበት። አጠፋኋት። በሙያችን አንድ ሕግ አለ፤ ዓይንን ከዋናው ነገር የሚያሸሽ ሁሉ ይወገዳል። እድፏ ስትወገድ ሜዳው ሰፋ፣ ብቸኝነትም መጣበት። ቱሪስት ለብቸኝነት ነፍሱን ይሰጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "አንድ እንስሳ" ብለህ ያለፍከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የእንስሳውን ፀጉር ሳሞቀው ቀላ። ጆሮው ሹል ነው፣ እግሩ ረጅም ነው። ቀይ ቀበሮ ነው፣ ቶሌራ። አያቶቻችን ጄደላ ፈርዳ የሚሉት፣ ዓለም ሁሉ በባትሪ የሚፈልገው አውሬ በኔ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ አንተም አየኸውና "እንስሳ" አልከው። ደግነቱ ዘመድ አለህ።

እናቴን ሰላም በልልኝ። ሥራ ስለሚበዛብኝ ለመደወል አልተመቸኝም።

ጌታ ያላየኸውን ያሳይህ። ያየኸውን ደግሞ የምታውቅ ያድርግህ።

ቶኩማ ተሬፋ

ከናይሮቢ የመጣ፣ የተነበበ። የሌንሱ ነገር ስድብ ነው ወይስ የሙያ ምክር በሚለው ላይ ሽማግሌዎች አልተስማሙም፤ በይደር ቆይቷል። — ሙለታ


ጎጆ፣ ኅዳር 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለብርሃን አፍሳሹ፣ ለብልጭታ ጣዩ፣ ለዘመዴ ለቶኩማ፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለኮምፒውተርህ፣ ሰላም ለመብራት ኃይላችሁ ይሁን። እኛ መብራት ሲመጣ ደህና ነን።

ያሳመርከው ፎቶ ደርሶኛል። ፎቶ ቤት ውስጥ ከፍቼ ለለንሳ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና "ምን ጎደለው?" አለችኝ። ምንም አልጎደለውም፣ ቶኩማ ነው ያሳመረው አልኳት። እንደገና አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ዘግቼ ወጣሁና ከበጎቼ ጋር ትንሽ ተቀመጥኩ። በጎች ፎቶ ስለማያሳምሩ አብሯቸው መቀመጥ ያሳርፋል።

ቀይ ቀበሮ ነው ካልክ እኔ ማን ነኝ? አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ። ኦቦ ሙለታ ፎቶውን አይተው፣ አያታቸው ሲያወሩ እንደሰሙት የጄደላ ፈርዳ ጉሮሮ ነጭ ነው፣ የጅራቱም ጫፍ ጥቁር ነው አሉ። ያንተ ቀበሮ ጉሮሮውም አመድማ፣ ጅራቱም አመድማ ነው። ምናልባት ጭጋጉ ነው። ምናልባት ካሜራዬ ነው። ባለሙያው አንተ ነህ፤ እኔ መጋረጃ ዘርጊ ነኝ።

እናትህ ጉልበቷን እያመማት ነው። ማለዳ ማለዳ ግን አታርፍም፣ እስከ ሽቦው ትወጣለች። በስልክ እንዳታናግር የተከለከልከው እኔን ብቻ መሆኑን እንዳስታውስህ ኦቦ ሙለታ ፈቅደውልኛል።

ሥራህ ይቅና። ያጠፋኸውንም ያጎላኸውንም ጌታ ይቁጠርልህ።

ቶሌራ

አንብቤዋለሁ። ስለ አያቴ የተጻፈው ትክክል ነው። የቀረው ጨዋ ይመስላል፤ ጨዋነቱ ግን አስፈርቶኛል። — ሙለታ


ናይሮቢ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለኦቦ ቶሌራ፤

እንኳን ለገና በሰላም አደረሳችሁ፤ ሰላምና ጤና ለቤትህ ሁሉ ይሁን።

ለኦቦ ሙለታ ምስጋናዬን አድርስ። ተመልሼ ብመረምረው ጉሮሮው በእርግጥም ነጭ ነበር፤ ካሜራህ ደብቆት ነው እንጂ። ነጩን አወጣሁለት። የጅራቱንም ጫፍ አጠቆርኩ፤ "አጠቆርኩ" ስል የነበረውን ጥቁረት ቀሰቀስኩት ማለቴ ነው። ሙያው እንዲህ ነው፤ ያለውን ታነቃለህ። ትከሻውንም ትንሽ ጨምሬ አቀላሁት። አሁን የቆመው አውሬ ሜዳውን አይቶ የሚፈርድ ንጉሥ ይመስላል።

አለቃዬ አይቶት ከወንበሩ ተነሣ። የድርጅታችን የዘመን መቁጠሪያ ሽፋን ሆኗል። ከሥሩ "ፎቶ፦ ቶኩማ ተሬፋ" ተብሎ ተጽፏል። ያንተንም ስም ላስገባ ሞክሬ ነበር፤ ጥጉን አጨናነቀው፣ ብርሃኑንም አበላሸው። አምቦ ላለው የደጋ አራዊት ወዳጆች ማኅበርም በስሜ ልኬላቸዋለሁ። ከእንግዲህ ሜዳው የማን እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ፣ በፎቶው ላይ ስሜን ያንብብ።

ምርቃቴም ይኸውና፣ ለሽማግሌዎች ሁሉ ጮክ ብሎ ይነበብልኝ። ይህ ሜዳ ለቀይ ቀበሮውና ለዘሩ የተባረከ ይሁን። የበግ ኮቴ፣ የከብት ኮቴ፣ የቶሌራም ኮቴ አይድረስበት። ሣሩ ለጠል፣ ጠሉም ለአውሬው ይሁን።

ቶኩማ ተሬፋ

ምርቃቱ እንደታዘዘው በሽማግሌዎች ፊት ጮክ ተብሎ ተነቧል። ሁላችንም "ሃ ታኡ፣ ይሁን" ብለናል። ስለ እናቱ አንድ ቃል ባለመኖሩ ግን ደግሜ ገልብጬ ፈልጌአለሁ፤ ከጀርባውም የለም። — ሙለታ


ጎጆ፣ የካቲት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአውሬ አንጋሹ፣ ለሜዳ ባራኪው፣ ለቶኩማ፤

ሰላም ይብዛልህ። ለንሳ ደህና ናት። በጎቼ ደህና ናቸው። የእናትህ ላምና የእናትህ በጎችም ደህና ናቸው፤ እነሱንም የምጠራልህ አሁን የሚያድሩት እኔ ግቢ ስለሆነ ነው። የኔን ድርቆሽ እየበሉ ሰላምታ ያቀርቡልሃል።

እንዴት እንደመጡ ልንገርህ። ማኅበሩ ፎቶህን በር በሚያህል ሸራ አሳትሞ በመኪና ይዞት መጣ። ቀበሌው ሰው ሰበሰበ። ሜዳው ለቀይ ቀበሮው ይከለል ተባለ። አንዱ ገበሬ ባለ መሬቱ ይስማማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምን ይበሉ? የበግም የከብትም ኮቴ አይድረስበት ብሎ ባለ መሬቱ ራሱ ባርኳል፣ እነሱም ሃ ታኡ ብለዋል። በሽማግሌ ፊት የተተፋ ምርቃት ደግሞ ከመሬት አይለቀምም። የኔን ኮቴ ስትከለክል የእናትህን ላም አብረህ ነዳሃት። ሜዳው ከዚህ ወር ጀምሮ ተዘግቷል፤ በግንቦት ባለሙያዎች መጥተው አውሬውን ካዩ ለዘለቄታው ይዘጋል።

አሁን ስለ አውሬው። ስሙ ዳልቻ ነው።

መልኩም እንደ ስሙ አመድማ ነው። እናትህ ቡችላ ሆኖ ከጊንጪ መንገድ አንሥታ ያሳደገችው ውሻ ነው። ማታ እግሯ ሥር ይተኛል፤ ቀን ከኋላዋ ይሄዳል። የስብሰባው ቀን እናትህ ጉልበቷ ይዟት አልመጣችም፣ ዳልቻ ግን መጥቶ ነበር። ከሸራው ሥር ጥላ አግኝቶ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ነው ስብሰባው የተካሄደው። ከላይ ንጉሡ፣ ከታች ውሻው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም። ሙያህን አላደንቅም አልልም።

ለምን ዝም አልክ ትለኛለህ። የጠየቀኝ አለ? አንተስ ጠይቀሃል? በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ፣ እኔን ሳይሆን እሷን፣ "እማ፣ ሜዳው ላይ የሚሄደው ምንድን ነው?" ብትላት ኖሮ፣ አፍህን ሳትዘጋ ትነግርህ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኦቦ ሙለታ እንዳሉት የባረከ ራሱ ይፍታ። ለማኅበሩ "ቆዳውን የቀባሁት እኔ ነኝ" ብለህ ጻፍ። በሌለ አውሬ ላይ የወረደ ምርቃት ባዶ ነው፤ ላሚቱ በማግስቱ ትመለሳለች።

ጌታ የእውነት ቃል በብዕርህ ላይ ያስቀምጥ፣ ቀለሙንም ራሱ ይምረጥልህ።

ቶሌራ

ይህን እኔም ያወቅሁት ከደብዳቤው ነው። ሄጄ ውሻውን አየሁት። ተቀምጬ አሰብኩ። ለማኅበሩ እኔ ልናገር ብዬ ነበር፤ ባራኪው እያለ ሽማግሌ አይቀድምም። እንጠብቃለን። — ሙለታ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለቶሌራ ለሜሳ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ጥርሴን ነክሼም ቢሆን ይሁን። ለለንሳና ለከብቶቹ፣ ለየትኞቹም ከብቶች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አታለልከኝ። ጭጋግ ውስጥ ውሻ አቁመህ ቀለም እንድቀባው እጄን ያዝክ። ጉሮሮው ነጭ ነው ብለህ አስነገርክ። ካንተ በቴሌግራም የመጣውን ሁሉ ንዴቴ ሳይበርድ ከስልኬም ከኮምፒውተሬም ጠርጌ አጥፍቼዋለሁ፤ ስምህን እንኳ ማየት አልፈልግም።

ጻፍ ትለኛለህ። አለቃዬ አንድ ሕግ አለው፤ ሰማዩን የቀባ አርቲስት ነው፣ ቆዳውን የቀባ ግን አጭበርባሪ ነው፣ በዚያው ቀን ይባረራል። የዘመን መቁጠሪያው በየሆቴሉ ተሰቅሏል። ስሜ ከሥሩ ነው። እኔ ስሜን ያገኘሁት ጎጆ ላይ ጉርድ ፎቶ እያነሣሁ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ባለሙያዎቹ ሲመጡ አውሬው ወደ እጃጂ አቅጣጫ ተሻግሯል በል። ውሻውን ለጊዜው አንተ ቤት እሰረው። ክረምት ሲገባ ማኅበሩ ይረሳዋል፣ ሜዳውም በራሱ ጊዜ ይከፈታል። እናቴ እስከዚያ ትታገሥ። ትዕግሥት ታውቅበታለች።

ጌታ የዘመድ ልብ ይስጥህ። ሲሰጥህም ያሳውቀኝ።

ቶኩማ

ሰላምታው በግድ ነው፤ ሆኖም አለ። በግ አልተፈረደበትም። — ሙለታ


ጎጆ፣ ግንቦት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለቶኩማ ተሬፋ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልህ፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ የሽማግሌ ሕግ አስገድዶኝ ብቻ አይደለም። እኛ ደህና ነን።

ከደብዳቤህ ቀጥሎ በቴሌግራም የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ኦቦ ሙለታና እኔ ስልኩን መሀል አድርገን ለረጅም ጊዜ መረመርነው። በቀኝ በኩል የሒና ፓኮ አለ፣ በላዩ የሴት እጅ የተሳለበት። በግራ በኩል ቀይ ውሻ አለ። አንድም ቃል የለበትም፤ ሕጉን አክብረሃል። ኦቦ ሙለታ መነጽራቸውን አውልቀው "ፎቶ አይሳደብም ብዬ ነበር" አሉ። ፎቶውን ማስተካከል ያቃተው ሰው ውሻውን ሲያስተካክል ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ያ ሒና ዳልቻ ላይ ቢያርፍ ስምህ ይድን ነበር፣ የእናትህ ሜዳ ደግሞ ለዘለዓለም ይሄድ ነበር። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠህ የመረጥከውን መርጠሃል። ለለንሳ ብነግራት ሒና ከተገኘማ እኔው እሞቀዋለሁ አለች። አልቀባሁትም። አላሰርኩትምም።

ባለሙያዎቹ መጡ። መሪያቸው ጃለኔ የምትባል ወጣት ናት፤ አገር ያየች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ። ሸራውን አምጥተው ከሽቦው ምሰሶ ላይ አስደገፉት፣ አውሬው የታየበትን ቦታ ከፎቶው ጋር ሊያስተያዩ። እናትህ በዚያን ቀን ጉልበቷ ትንሽ ተሽሏት ነበር። ዱላዋን ይዛ፣ ነጭ ጋቢዋን ለብሳ መጣች። ዳልቻ ከኋላዋ ነበር።

ሸራው ፊት ቆመች። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ያለውን ድንጋይ አወቀችው፣ ቀጥሎ የምንጩን ቁልቁለት። "የኔ ሜዳ ነው" አለች። ከዚያ አውሬውን አየችውና ዞር ብላ ውሻዋን አየችው።

"ዳልቻ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የቀላው? አሞት ነበር እንዴ?"

ጃለኔ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የዳልቻን ጉሮሮ አየች፣ ጅራቱን አየች፣ ሸራውን አየች። ማን እንዳሳመረው ጠየቀች። እኔ ሸራውን ማቃናት ያዝኩ። እናትህ ግን ማን ነው ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ፤ ልጅሽ ነው አልኳት። ፊቷ በራ። ይህን ሁሉ ወር ውሻዬን ሲያይ ከረመ አለች። ቀለሙ መጠኑን ቢያልፍም ልጅ ነው፣ ይለምደዋል አለች። ሰዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከዚያ ወደ ሸራው ቀረበች። በግራ በኩል፣ ወርቅ የሆነው ሣር ላይ፣ ጣቷን አሳረፈች።

"እኔስ?" አለች። "እዚህ ነበርኮ የቆምኩት።"

አሁን የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን አውጥተህ አንብብ። ፎቶውን ያነሣሁት ለውሻው አልነበረም። እናትህ ናት "ለቶኩማ የሚላክ ፎቶ አንሣኝ" ያለችኝ። ፎቶ ቤት ነይ፣ ወንበር አለ፣ መጋረጃ አለ ብላት እንቢ አለች፤ ሜዳው ላይ እንዳለሁ ይይ አለች። ከሽቦው ወዲያ ቆመች፣ እኔ ከሽቦው ወዲህ። ዳልቻ ሮጦ ፊቴ ገባ፣ ካሜራው እሱን ያዘ፣ እሷን ጭጋጉ ዋጣት። ነጭ ጋቢዋ ብቻ ቀረ። ጭጋጉ የዋጠውን አስተፋልኝ ያልኩህ እሷን ነበር። ስሟን ያልጻፍኩት ሳይነግሩህ ታገኛት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ይህ የኔ ተንኮል ነው። አንተ አገኘሃት፤ እድፍ ናት ብለህ ጠረግካት፣ ሜዳው ሰፋልኝ ብለህም ጻፍክልኝ። ከዚያ ወዲያ ቀበሮህን ብታነግሠው፣ ብታቀላው፣ ብትድረው እንኳ ዝም ልልህ ወስኜ ነበር።

ጭጋጉ ነው የሸፈነሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "ጭጋጉማ ያውቀኛል" አለችና ወደ ቤቷ ዞረች።

ጃለኔ ውሻ ነው ብላ ጽፋ ፈረመች። ሸራው ተጠቅልሎ ተጫነ፤ ለአለቃህ የጻፈ ካለ እኔ አይደለሁም። ሜዳው ተከፍቷል። ሽቦውን በማግስቱ እናትህ ራሷ ናት ከምንጩ በኩል ያስነቀለችው፤ ዳልቻ የነገሠበት ሜዳ የቶሌራን በግ አይጠላም አለች።

ጌታ ዓይን ይስጥህ። ከሰጠህ ላይም አይውሰድብህ።

ቶሌራ

አንብቤዋለሁ። የምጨምረው የለኝም። — ሙለታ


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ቶሌራ፣

ዋናውን ፎቶ ላክልኝ። እኔ ጋ የቀረው ያሳመርኩት ብቻ ነው። አሰፋሁት፣ ጥላውን አነሣሁ፣ ሙቀቱን ቀነስኩ፣ ግራውን ሁሉ ፈለግሁ። ሣር ነው።

ደወልኩላት። ስለ ውሻው አወራችኝ፣ ስለ ጉልበቷ አወራችኝ። ስለ ፎቶው አላነሣችም።

ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። የዘመን መቁጠሪያውን ከየሆቴሉ እየለቀምኩ ነው።

ዋናውን ላክልኝ።

ቶኩማ

ሰላምታ የለውም። ምርቃት የለውም። አንድ በግ። — ሙለታ


ጎጆ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበርከው የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ፣ ለቶኩማ ተሬፋ፤

የሰማይም የምድርም ሰላም ይብዛልህ፤ ባለፈው ያጎደልከውንም ጨምሬ ሰላም ብዬሃለሁ፣ ሒሳቡ እንዳይዛባ። አከም ጅርታ? እኛ ደህና ነን። ለንሳ ደህና ናት። በጎቼ ከእናትህ በጎች ጋር ተቀላቅለው የማን የማን እንደሆነ መለየት አቅቶናል፤ እነሱም ለመለየት የሚቸኩሉ አይመስሉም። ዳልቻ ደህና ነው። ንግሥናውን ካጣ ወዲህ ጠባዩ ተሻሽሏል፤ በጠባዩ ከዘመዶቼ ከአንዱ ጋር አመሳስዬው ነበር፣ ኦቦ ሙለታ ሰረዙብኝ።

ዋናው ፎቶ እኔ ጋ አለ። ነጯ እድፍ በቦታዋ አለች። ቀርበህ ካየሃት ቀኝ እጇን አንሥታለች፤ ዳልቻን ስትጠራ ይሁን አንተን ሰላም ስትል አልጠየቅኳትም።

አልልክልህም። ብልክልህ ታሳምራታለህ።

የተፈረደብህን በግ በሚመለከት፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነጋግረውበታል። በሐዋላ አይቀበሉም። በኔ በኩል ከኔ በጎች መርጠህ እንድትከፍል ብጠይቅልህም አልተቀበሉም። የተቀጣው ሰው ራሱ ከጎጆ ገበያ ገዝቶ፣ በገመድ ይዞ፣ በእግሩ እየጎተተ ያስረክብ ብለዋል። በቴሌግራም የተላከ በግ አይታረድም።

ስትመጣ በማለዳ ና። እናትህ አሁንም እስከዚያው ቦታ ትወጣለች፤ ሽቦው ባይኖርም እግሯ ለምዶታል። ጭጋጉ ወፍራም ነው፣ መጀመሪያ ምንም አታይም። ብርሃኑን አትጨምር፣ ጥላውን አትንካ። ቆመህ ጠብቅ፤ በራሱ ጊዜ ይገለጣል። በግራ በኩል ናት።

መንገድህ ይቅና። ድንበሩ ይከፈትልህ፣ አውቶቡሱ አይበላሽብህ። በጉ ግትር ይሁንብህና ቀስ ብለህ ድረስ፤ አገሩን እያየህ።

ቶሌራ ለሜሳ

አንብቤዋለሁ። ሰላምታው ሙሉ ነው፣ ምርቃቱ ሙሉ ነው፣ ስድቡም ሙሉ ነው። ይሂድ። — ሙለታ